በባሕር ዳር ግቢዎች ፓይን ዛፍ በፈንገስ ሲጠቃ፦ ውኃ ማጠጣት፣ መግረዝ፣ መርጨት ወይስ መቁረጥ?

በባሕር ዳር በሆቴል፣ በመሥሪያ ቤትና በመኖሪያ ግቢ ለጥላና ለውበት የተተከለ ፓይን ዛፍ ጫፉ መድረቅ ሲጀምር፣ ባለቤቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማው ምክር ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ «መድኃኒት ይረጭበት» ሲል ሌላው «ይቆረጥ» ይላል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ግን ወጪያቸው ያነሰ፣ ውጤታቸውም ብዙ ጊዜ የተሻለ ምርጫዎች አሉ። ይህ መመሪያ ዛፉን በውኃና በጉዝጓዝ መደገፍን፣ የታመመውን ክፍል መግረዝን፣ ፀረ ፈንገስ መርጨትንና ዛፉን ነቅሎ በሌላ መተካትን ከከተማዋ አየር ጠባይ፣ ከአፈሯና ከጣና ሐይቅ ቅርበት አንጻር ያነጻጽራል። የጸሐፊው አቋም ከወዲሁ ቢታወቅ ይሻላል፤ በጣና ዳርቻ ርጭት ሌሎቹ መንገዶች ከተሞከሩ በኋላ የሚታሰብ እንጂ ቀድሞ የሚመረጥ አይደለም፤ ሥር ለሚያበሰብስ በሽታ ደግሞ ጨርሶ አያገለግልም።

ዛፉንና በሽታውን መለየት

ከሁሉ አስቀድሞ ዛፉ በእርግጥ ፓይን መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። የሐበሻ ጽድና የፈረንጅ ጽድ በሌሎች በሽታዎችና ተባዮች ስለሚጠቁ፣ ከዚህ በታች የተጻፈው አብዛኛው ለእነርሱ አይሆንም። የፓይን ቅጠል ቀጭንና ረጅም መርፌ ሲሆን ከአንድ መነሻ በጥቅል ይወጣል። በአገራችን በስፋት የሚታወቁት ከሜክሲኮ የመጣው ፓቱላና ከካሊፎርኒያ የመጣው ራዲያታ ናቸው፤ ሁለቱም አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ጥቅል ሦስት መርፌ ሲኖራቸው፣ የፓቱላው ለስላሳና ወደ ታች የሚንጠለጠል በመሆኑ በቀላሉ ይለያል። መለየቱ ጥቅም አለው፤ ራዲያታን ክፉኛ የሚጎዳው ዶቲስትሮማ የተባለው ፈንገስ ፓቱላን እምብዛም አይደፍረውም። በኬንያና በታንዛኒያ ተክለውት የነበረውን ራዲያታ ይኸው በሽታ ስለጎዳው፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960ዎቹ የኬንያ ደን ልማት ራዲያታን ትቶ ወደ ፓቱላና ወደ ሌሎች ዝርያዎች ዞሯል።

በግቢ ዛፍ ላይ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ዲፕሎዲያ የተባለው ጫፍ አድራቂ ፈንገስ ነው። የዚህ በሽታ ምልክት አዲስ የወጣው ለጋ ቡቃያ ሳይረዝም መቅረቱ፣ መርፌዎቹ አጥረው ወደ ቡናማነት መለወጣቸው፣ ከቡቃያው ሥርም ሙጫ መንጠባጠቡ ነው። ጥቃቱ ብዙውን ጊዜ ከታችኛው ቅርንጫፍ ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል። በደረቁት መርፌዎች መነሻና ባረጁት እንጨታማ ፍሬዎች ቅርፊት ላይ በዓይን ሊታዩ የሚችሉ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች ይገኛሉ፤ የፈንገሱ ዘር የሚፈልቀው ከእነዚህ ነው። ፓቱላም ሆነ ራዲያታ ፍሬያቸውን ለዓመታት ሳይጥሉ በቅርንጫፍ ላይ ስለሚይዙ፣ አንድ ዛፍ የራሱን በሽታ ምንጭ ራሱ ላይ ተሸክሞ ይኖራል።

የዶቲስትሮማ መልክ ከዚህ ይለያል። መርፌው በሙሉ በአንድ ጊዜ አይደርቅም፤ መሐሉ ላይ ቀይ ቡናማ ቀለበት ይታይና ከቀለበቱ ወደ ጫፍ ያለው ሲደርቅ መነሻው አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። በኋላ የውስጠኛው ቅጠል ይረግፍና በቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ብቻ ጥቂት መርፌ ይቀራል። ይህ ግን ከተፈጥሮ መርገፍ ጋር መምታታት የለበትም፤ ጤነኛ ፓይንም ያረጀውን የውስጠኛ ቅጠሉን ቢጫ አድርጎ በየዓመቱ ይጥላል፤ ያ ምንም ዓይነት ሕክምና አይፈልግም።

ሦስተኛውና አስከፊው አርሚላሪያ የተባለው ሥር አበስባሽ ነው። በደቡብ ኢትዮጵያ በወንዶ ገነት አካባቢ በፓቱላና በሌሎች ዛፎች ላይ በጥናት ተለይቷል። ዛፉ ቅርንጫፍ ሳይመርጥ በሞላው ይደክማል፣ ቅጠሉ ይሳሳል፣ ከግንዱ ግርጌም ሙጫ ይወጣል። ከአፈር ጋር በሚገናኝበት ቦታ ቅርፊቱ በቢላ ሲላጥ፣ በቅርፊቱና በእንጨቱ መካከል የእንጉዳይ ሽታ ያለው ነጭ ስስ ሽፋን ከተገኘ ጥርጣሬው ወደ እርግጠኝነት ይቀርባል። ለሐይቁ ቀረብ ባለ ዝቅተኛና ውኃ በሚያቁር ቦታ ደግሞ ፋይቶፍቶራ የተባለ ተዋስያን ቀጫጭን ሥሮችን ያበሰብሳል፤ እርሱ በትክክለኛ ትርጉሙ ፈንገስ ስላልሆነ ለፈንገስ የሚሸጠው መድኃኒት ሁሉ አይሠራበትም። በዓይን መለየት ያልቻለ ሰው የታመመውን ቡቃያ ከነፍሬው፣ ወይም የግርጌውን ቅርፊት ከነሥሩ፣ በወረቀት (በላስቲክ አይደለም፤ ይሻግታል) ጠቅልሎ ለዕፅዋት ጤና ባለሙያ ማሳየት ይኖርበታል። ለዚህ የሚወጣው ገንዘብ ለተሳሳተ መድኃኒት ከሚወጣው እጅግ ያነሰ ነው።

የባሕር ዳር አየር በውሳኔው ላይ ያለው ድርሻ

ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ በ1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ሲሆን፣ በዓመት የምታገኘው 1,400 ሚሊ ሜትር የሚሆን ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ያለው በጋ ረጅም ነው፤ በመጋቢትና በሚያዝያ የቀኑ ሙቀት 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይደርሳል። ፓቱላ በተፈጥሮው የቀዝቃዛና ጉም የሚለብሰው ደጋ ዛፍ በመሆኑ፣ ይህ ወቅት ያደክመዋል። ዲፕሎዲያ ደግሞ በጤነኛ ዛፍ ውስጥ ምልክት ሳያሳይ ተደብቆ የሚኖርና ዛፉ በውኃ ጥም፣ በበረዶ ድብደባ ወይም በሥር ጉዳት ሲዳከም የሚነሣ ፈንገስ ነው። ስለዚህ በሽታው በሰኔ ቢታይም፣ ዛፉን ለበሽታው አሳልፎ የሰጠው ነገር የደረሰው አብዛኛውን ጊዜ በሚያዝያ ነው። በረዶ በጣለ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ጫፎቹ በአንድነት ቢደርቁ፣ ፈንገሱ በበረዶው ቁስል የገባ ወይም በእርሱ የተቀሰቀሰ መሆኑን መገመት ይቻላል።

ውኃና ጉዝጓዝ፦ ብዙዎች የሚንቁት ምርጫ

ከላይ ባለው ምክንያት፣ ዲፕሎዲያ ለያዘው ጎልማሳ ዛፍ የጸሐፊው የመጀመሪያ ምርጫ ውኃ ነው። እዚህ ላይ ውኃ ሲባል ጠዋትና ማታ ሣሩን ለማርጠብ የሚረጨው አይደለም፤ እንዲያውም እርሱ ሣሩን እያለመለመ የዛፉን ታችኛ ቅርንጫፍ ስለሚያርስ ለፈንገሱ ይመቸዋል። የሚፈለገው ከጥር እስከ ዝናቡ መግቢያ ድረስ በየሁለት ሳምንቱ ገደማ፣ ከግንዱ ራቅ ብሎ እስከ ቅርንጫፉ ጥላ ዳርና ከዚያም አልፎ፣ አፈሩ ቢያንስ እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት እንዲርስ በዝግታ ማጠጣት ነው። አፈሩ መራሱን ለማወቅ ቀጭን ብረት መስደድ በቂ ነው፤ በራሰው አፈር በቀላሉ ይገባል፣ ደረቁ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ዋልካ አፈር ባለበት ግቢ ውኃው ቀስ ብሎ ስለሚሰርግ በአንድ ጊዜ አብዝቶ ማፍሰስ ኩሬ ከመፍጠር በቀር አይጠቅምም።

ከውኃው ጋር ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጉዝጓዝ ግንዱን ሳይነካ መደልደል እርጥበቱን ያቆያል። ጉዝጓዙ ግን ከታመመው ፓይን ከራሱ የረገፈ መርፌና ፍሬ መሆን የለበትም። ዩሪያም ከዛፉ ሥር መራቅ አለበት፤ ናይትሮጅን የበዛለት ፓይን ለዲፕሎዲያ ይበልጥ ይጋለጣል፤ ለሣሩ ተብሎ የሚበተነው ማዳበሪያ ሳይታሰብ ዛፉን ይጎዳዋል። በብዙ ግቢዎች የሚታየው ሌላው ችግር ኮብልስቶን እስከ ግንዱ ድረስ መነጠፉና በላዩ መኪና መቆሙ ነው። በተጠቀጠቀ አፈር ውስጥ ያለ ሥር ውኃም አየርም አያገኝም፤ እንዲህ ያለውን ዛፍ ከማከም በፊት በዙሪያው ያለውን ድንጋይ ጥቂት ሜትር ማንሣት ይቀድማል።

የዚህ ምርጫ ድክመት ቀርፋፋነቱ ነው። የሞተ ጫፍ አይመለስም፤ ለውጡ የሚታየው በሚቀጥለው ክረምት በሚወጣው ቡቃያ ላይ ነው። ለዶቲስትሮማም ያለው ጥቅም ውስን ነው፤ ያ ፈንገስ የሚያጠቃው የደከመውን ብቻ ሳይሆን ቅጠሉ ለረጅም ሰዓት ርጥብ ሆኖ የሚቆይበትን ዛፍ ሁሉ ነው።

መግረዝ፦ ጊዜው ካልተጠበቀ ጉዳቱ ያይላል

ግረዛ ሁለት ጥቅም አለው፤ የፈንገሱን ዘር ከዛፉ ላይ ይቀንሳል፣ በቅርንጫፎች መካከልም አየር እንዲዘዋወር በማድረግ ቅጠሉ ቶሎ እንዲደርቅ ይረዳል። በዶቲስትሮማ ለተያዘ ራዲያታ ታችኛውን ቅርንጫፍ ማንሣት ከሌሎቹ መንገዶች ሁሉ በፊት ሊሞከር የሚገባው ነው። ለዲፕሎዲያም የደረቁትን ጫፎች ወደ ጤነኛው ቅርንጫፍ ወይም ወደ ግንዱ ወርዶ መቁረጥና የሚደረስባቸውን አሮጌ ፍሬዎች መልቀም ዋጋ አለው፤ ፍሬውን ሳይለቅሙ ጫፉን ብቻ መቁረጥ ግን ግማሽ ሥራ ነው።

ዋናው ነገር ወቅቱ ነው። ፈንገሱ በዝናብ ጠብታ እየተፈናጠረ በትኩስ ቁስል ስለሚገባ፣ በክረምት የተገረዘ ዛፍ ለበሽታው ብዙ በር ይከፈትለታል። በባሕር ዳር ተስማሚው ጊዜ ከኅዳር አጋማሽ እስከ የካቲት ያለው ደረቅ ወቅት ነው። የሐምሌ ዕረፍት ላይ ሠራተኛ ስለተገኘ ብቻ መግረዝ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። መጋዙና መቀሱ ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲዘዋወር በአልኮል፣ ካልሆነም አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ ተበጥብጦ መጽዳት አለበት፤ በረኪና ብረት ስለሚበላ በኋላ በንጹሕ ውኃ መታጠብ ያስፈልገዋል። ቆረጣው ቅርንጫፉ ከግንዱ ጋር በሚገናኝበት እብጠት ላይ ይሁን እንጂ ግንዱን እየላጠ አይግባ፤ ረጅም ጉቶም አይተው።

መጠኑም ወሰን አለው። ፓይን እንደ ባሕር ዛፍ ከየትም አያቆጠቁጥም፤ መርፌ የሌለው አሮጌ እንጨት ከተቆረጠ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ አዲስ ቅጠል አያወጣም። በአንድ ዓመት ከአረንጓዴው ክፍል ከአንድ ሦስተኛ በላይ ማንሣት የደከመውን ዛፍ ይበልጥ ያደክመዋል። የተቆረጠው ቅርንጫፍ ከግቢው ወጥቶ ለማገዶ መዋል አለበት፤ ከዛፉ ሥር ተከምሮ ክረምት ከደረሰ ፈንገሱ በደረቀው እንጨት ላይ ዘር ማፍራቱን ይቀጥላል።

ርጭት፦ የት ይሠራል፣ የት አይሠራም

በገበያ ላይ ያሉት ፀረ ፈንገሶች በሁለት ይከፈላሉ። መዳብ ያለባቸውና ማንኮዜብ በቅጠሉ ላይ ተለጥፈው ፈንገሱ እንዳይገባ ይከላከላሉ እንጂ የገባውን አያወጡም። ቲልት በሚል ስም የሚታወቀው ፕሮፒኮናዞልና መሰሎቹ ወደ ተክሉ ውስጥ ይገባሉ፤ ቢሆንም የደረቀን ጫፍ አያድኑም። ለዶቲስትሮማ መዳብ አስተማማኝ መሆኑ በተግባር የታየ ነው፤ በኒውዚላንድ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1960ዎቹ ጀምሮ የራዲያታን ደን ከአየር ላይ በመዳብ ሲረጩ ኖረዋል፤ ራዲያታ 15 ዓመት ገደማ ሲሞላው በሽታውን እየተቋቋመ ስለሚሄድ ርጭቱ የሚያስፈልገው ለወጣቱ ዛፍ ነው።

ለዲፕሎዲያ በውጭ አገር የሚሰጠው ምክር ቡቃያው ማበጥ ሲጀምር፣ ሲረዝምና መርፌው ሲወጣ፣ በሁለት ሳምንት ልዩነት ሦስት ጊዜ መርጨት ነው። ይህ ምክር የተጻፈው በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ቡቃያ ለሚያወጣ፣ በረዶማ ክረምት ላለበት አገር ዛፍ ነው። ፓቱላ በእኛ አየር ከአንድ ጊዜ በላይ ስለሚያቆጠቁጥ ሦስት ርጭት አይበቃውም፤ ዋናው ቡቃያ የሚወጣውም ዝናቡ በሚጀምርበት ጊዜ በመሆኑ፣ ማለዳ የተረጨው ከሰዓት በኋላ በሚጥለው ዝናብ ሊታጠብ ይችላል። ታጥቦ የሚሄድበት ደግሞ በቦዩ በኩል ወደ ጣና ወይም ወደ ዓባይ ነው። መዳብም ማንኮዜብም ለዓሣና በውኃ ውስጥ ለሚኖሩ ጥቃቅን እንስሳት መርዝ ናቸው። ጣና ቀረሶውንና አምባዛውን እየያዘ የሚኖር ዓሣ አጥማጅ፣ በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙ የነጭ ዓሣ ዝርያዎችም ያሉበት ሐይቅ ነው፤ አካባቢውም በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ለአንድ ግቢ ውበት ይህን ያህል መድፈር ተገቢ አይመስልም።

የጀርባ መርጫ ከጥቂት ሜትር በላይ አይደርስም። ከዚያ በላይ ያለውን ዛፍ በሞተር ኃይል መርጨት ከዛፉ ይልቅ ጎረቤቱን ያጥባል። በብዙ ቦታ የሚነገረው «ማለዳ፣ ፀሐይ ሳይበረታ ይረጭ» የሚለው ደንብም በሐይቅ ዳር መታየት አለበት፤ ቀን ነፋሱ ከሐይቁ ወደ የብስ ሲነፍስ፣ ሌሊትና ማለዳ ከየብስ ወደ ሐይቁ ይመለሳልና፣ በዳርቻው ባለ ግቢ ማለዳ የተረጨው ጉም ወደ ውኃው ሊሄድ ይችላል።

ታዲያ ርጭት የሚመረጠው መቼ ነው? ከውኃ ዳር ርቆ በሚገኝ ግቢ፣ ቁመቱ ከመርጫው ለማያልፍ ወጣት ዛፍ፣ በሽታው በትክክል ተለይቶ ሲታወቅና የበጋው ግረዛ ከተከናወነ በኋላ፣ ከዝናቡ ቀደም ብሎ ቡቃያው መንቃት ሲጀምር ነው። የሚገዛው ምርት በፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 መሠረት የተመዘገበ መሆን አለበት፤ በዕቃው ላይ የተጻፈው መጠን ለድንችና ለቲማቲም ከሆነ፣ ለዛፉ የሚሆነውን ከሻጩ ሳይሆን ከዕፅዋት ጥበቃ ባለሙያ መጠየቅ ይገባል። በግቢ የሚዘጋጀው የቦርዶ ውህድ 1 ኪሎ ግራም መዳብ ሰልፌት፣ 1 ኪሎ ግራም የተቃጠለ ኖራና 100 ሊትር ውኃ ነው፤ ሁለቱ በየራሳቸው የላስቲክ ዕቃ ከሟሙ በኋላ የመዳቡ ውኃ ወደ ኖራው ይጨመራል። ንጹሕ ምስማር ለአንድ ደቂቃ ያህል ተነክሮ ቀይ መዳብ ከለበሰ ኖራው አንሷል ማለት ነው። ውህዱ በተዘጋጀበት ቀን ያልቃል እንጂ አያድርም። መርጫው በሐይቁም ሆነ በወንዙ ዳር አይታጠብም፤ ባዶው ዕቃ ተበስቶ ይወገዳል እንጂ የውኃ መያዣ አይሆንም።

ለሥር በሽታ የሚረጭ ነገር የለም

አርሚላሪያ በተረጋገጠበት ዛፍ ላይ ገንዘብ ማፍሰስ አያስፈልግም። ፈንገሱ በጉቶና በተቀበረ ሥር ውስጥ ለብዙ ዓመታት እየተመገበ ይቆያል፤ በሥር ንክኪም ወደ ጎረቤት ተክል ይሻገራል። ቡናን ጭምር ያጠቃል፤ ከአጥሩ ጥግ ቡና ወይም ፍራፍሬ ያለው ቤተሰብ ይህን ሊያስብበት ይገባል። ግንዱን ከመሬት እኩል ቆርጦ ጉቶውን መተው ብዙ ግቢ የሚያደርገው ነገር ነው፤ ይህ ግን ፈንገሱን መቀለብ ነው። ጉቶው ከነዋና ዋና ሥሮቹ ተቆፍሮ መውጣት አለበት። ቀሪውን ለማዳን የሚቻለው በታመመውና በጤነኛው መካከል ሥር የሚያቋርጥ ጥልቅ ቦይ በመቆፈር ነው፤ ይህም የሚሠራው ቶሎ ከተደረሰበት ብቻ ነው።

ፋይቶፍቶራ በተጠረጠረበት ረግረጋማ ቦታ መፍትሔው ውኃውን ማፍሰሻ ቦይ ነው። ሪዶሚል በሚባለው መድኃኒት ውስጥ ያለው ሜታላክሲል በዚህ የተዋስያን ወገን ላይ የሚሠራ ቢሆንም፣ ውኃው ቆሞ እያለ መድኃኒቱ የሚያመጣው ለውጥ ለአጭር ጊዜ ነው። ጣና ከፍተኛ መጠኑ ላይ የሚደርሰው ዝናቡ ካበቃ በኋላ በመስከረምና በጥቅምት ስለሆነ፣ በዳርቻው ያለ ግቢ የከርሰ ምድር ውኃው በዚያን ጊዜ የት ድረስ እንደሚወጣ ጉድጓድ ቆፍሮ ሳያይ ፓይን ማቆየትም ሆነ መትከል አይጠቅምም።

መቁረጥና መተካት

ከአናቱ ግማሽ በላይ የደረቀ፣ ዋናው ጫፉ የሞተ፣ ወይም ሰው በሚቀመጥበትና የኤሌክትሪክ መስመር በሚያልፍበት ቦታ ላይ ሥሩ የተበላ ዛፍ መቆረጥ አለበት፤ እዚህ ላይ መዘግየት ለዛፉ ማዘን ሳይሆን በሰው ላይ አደጋ መጥራት ነው። ዛፉ በጎዳና ዳር ወይም በሕዝብ ቦታ የቆመ ከሆነ የሚመለከተው የከተማው አካል ሳያውቅ አይነካም። በዲፕሎዲያ የሞተ ፓይን እንጨቱ ሰማያዊ ጥቁር ቀለም ሊይዝ ይችላል፤ ለማገዶም ለሳጥንም ይሆናል፤ መልኩን አይቶ ዋጋ የሚቀንስ ገዢ ግን አይጠፋም።

በተቆረጠው ቦታ ሌላ ፓይን መትከል ተመሳሳይ ችግር መጥራት ነው፤ በተለይ ከችግኝ ጣቢያ የሚመጣ ፓይን ዲፕሎዲያን ሳያሳይ ይዞ ሊመጣ ስለሚችል ጤነኛ መምሰሉ ዋስትና አይሆንም። ፈጣን ጥላ ለሚፈልግ ዋንዛ ይስማማዋል፤ ቅጠሉ የሚረግፍበት ወቅት ስላለው ግን መጥረጊያ ይፈልጋል። ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ሆኖ ነፋስ የሚከላከል ለሚሻ ግራቪሊያ ቶሎ ያድጋል። ዝግባ መልኩ ከሁሉ ያማረ ነው፤ የሚተክለው ሰው ግን ለልጆቹ እንደሚተክል ይወቅ። ለሐይቁ ቅርብ በሆነና በሚርስ መሬት ዶቅማ ከሌሎቹ ይልቅ ይቋቋማል። አርሚላሪያ በነበረበት ጉድጓድ ላይ ግን ከእነዚህ አንዱም ወዲያውኑ አይተከልም፤ ለጥቂት ዓመታት ሣርና አበባ ብቻ ይብቀልበትና አዲሱ ዛፍ ከአሮጌው ጉቶ ጉድጓድ ራቅ ብሎ፣ በሰኔ መጨረሻ ወይም በሐምሌ መጀመሪያ አፈሩ በደንብ ሲርስ ይተከል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት በጋዎች ውኃ የሚያጠጣው ሰው ማን እንደሆነ ከተከላው በፊት መወሰን አለበት።